ከገበያ የገዙትን ከብት ከመዥገር አጽድቶ ከበረት ማስገባት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አርቢዎች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ለመዥገር ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው፤ እንቁላሉ ለመፈልፈል ሙቀትና እርጥበት ይሻልና። ከብት ግን በዚህ መስመር ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። በባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛ የቆላ በሬ መዥገር የሚያስተላልፈውን የደም በሽታ በጥጃነቱ ስለተላመደው ጤነኛ መስሎ ጀርሙን በደሙ ይዞ ይመጣል። ከደጋ ወደ ኮምቦልቻ የወረደች የተዳቀለች የወተት ላም ደግሞ በሽታውን ጨርሶ ስለማታውቀው በቶሎ ትወድቃለች። ስለዚህ መዥገር በዝቶ ከታየ በኋላ ከመርጨት ይልቅ አዲስ ከብት የሚገባባቸውን የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት አጥብቆ መያዝ ይበልጣል።

አዲሱን ከብት በዚያው ቀን ከሌሎቹ ለይተው ያስሩት። በማግስቱ፣ ከመንገዱ ድካም ካረፈ በኋላ፣ በእጅዎ እየዳበሱ ይፈትሹት፦ ጆሮ ውስጥ፣ ከአንገት ስር በሚንጠለጠለው ቆዳ፣ ፍርምባ፣ ብሽሽት፣ ግት ወይም ቆለጥ፣ ጅራት ስርና በሰኮናው ዙሪያ። ትንሽ ሆኖ ሰማያዊ ግራጫ የሚመስለው ቡፊለስ የሚባል መዥገር ሆድና ጎን ላይ ይበዛል፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚራቡትን የባቤዝያና የአናፕላዝማ ጀርሞች የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ጀርባው በብርቱካንማ ቀለም ያጌጠውና አፈ ረጅሙ አምብሊዮማ ግትና ፍርምባ ይወዳል። ነክሶ የሚተወው ቁስል የጡት ጫፍ ያበላሻል፤ በበግና በፍየል ላይ ደግሞ ልባቸው ዙሪያ ውሃ እንዲቋጥር የሚያደርገውን ካውድሪዮሲስ ያመጣል። እግሩ ባለ ቀለበት፣ አካሉ ጠቆር ያለና ፈጣን የሆነው ሂያሎማ ለሰው የሚያሰጋው ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ርጭቱ ላይ ብዙው ሰው የሚሳሳተው በመጠን ነው። የመዥገር መድኃኒቱ 12.5 በመቶ አሚትራዝ ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 30 ሚሊ ሊትር ይገባል። በጠርሙሱ ክዳን አይገምቱ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። 60 በመቶ ዳያዚኖን ከሆነ ግን ለ1 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ ጠርሙሱ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ የተጻፈውን ይከተሉ። ለአንድ ጎልማሳ ከብት ከ4 እስከ 5 ሊትር የተበጠበጠ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ለበግና ለፍየል ከ1 እስከ 2 ሊትር። አንድ መርጫ ከሦስት ከብት አያልፍም ማለት ነው። አሥር ከብት በአንድ መርጫ ማዳረስ ጀርባ ብቻ ያረጥባል፤ መዥገሩ ያለበት ብሽሽትና ጅራት ስር ደረቅ ይቀራል፤ ከሚያንሰው መድኃኒት የተረፈው መዥገርም የማይበገር ዘር ያፈራል።

በጠዋት ይርጩ፣ ዝናብ በማያሰጋበት ቀን። ከብቱ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ የተጠማ ከብት ከራሱ ላይ የሚንጠባጠበውን ይልሳል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ፣ ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉ። ድብልቁን በዕለቱ ይጨርሱት፤ አሚትራዝ ተበጥብጦ ሲያድር ኃይሉን ያጣል። ለጋሪ ፈረስ አሚትራዝ ፈጽሞ አይረጭም፤ አንጀቱን ያቆመውና በሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። የቀረውን ወደ ቦርከና ወይም ወደ ማንኛውም ጅረት አይድፉ፤ ባዶ ጠርሙሱን ለዘይት ወይም ለወተት መያዣ አያድርጉት። ከምታለብ ላም ወተት ለምን ያህል ቀን እንደማይጠጣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ።

ቡፊለስ ከእጭነቱ እስከ ጠገበበት ቀን ድረስ አንድ ከብት ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ሁለተኛው ርጭት በ21ኛው ቀን አካባቢ ይሁን፤ ከብቱም ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቀለው ከዚያ በኋላ ነው። በነባሩ መንጋ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ መርጨት አይመከርም። ከ9 ወር በታች ያለ ጥጃ ባቤዝያና አናፕላዝማን ሲቀምስ ብዙ ጊዜ አይታመምም፤ ይልቁንም መከላከያ ያበጃል። መዥገር ጨርሶ ሳያይ ያደገ ጊደር አንድ ቀን ሲነከስ ሊሞት ይችላል። በበልግና በክረምት ዝናብ ወቅት፣ ዝናቡም እንዳቆመ ቁጥሩ ሲያይል ይርጩ፤ በደረቁ ወራት እያዩ ይለፉት።

በረት ውስጥ ያለው ጠላት ዝንብ ነው። ከሽንት ጋር የተቀላቀለ እበትና የረጠበ ጭድ የምትነክሰው ዝንብ መፈልፈያ ሲሆን፣ እሷም በከብት ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣውን የጉርብርብ በሽታ ከላም ወደ ላም ታዳርሳለች። እበቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ አውጥተው ያድርቁት። ክትባቱ ዝናብ ከመግባቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሰጥ፤ ዝንቡ ከተነሳ በኋላ መከላከያው ሳይደርስ ይቀደማል።

ሰውን በተመለከተ፦ ሂያሎማ የክሪሚያ-ኮንጎ የደም መፍሰስ ትኩሳት ቫይረስን በዋናነት የሚያስተላልፍ መዥገር ነው፤ ቫይረሱን የያዘ ከብት ግን ምንም ሕመም አያሳይም። መዥገር በጥፍር አይጨፍልቁ፤ ደሙ በተሰነጠቀ ጣት ይገባል። ላምባ አይቀቡት፣ በእሳትም አይተኩሱት። ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ አልኮል ባለበት ጠርሙስ ይክተቱት፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ለበዓል ግቢ ውስጥ ሲያርዱ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ በድኑ ሲቀዘቅዝ መዥገሩ ቆዳውን ለቆ ወደ አራጁ ይሄዳል፣ ጓንት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ከብት አርጃለሁ»፣ «መዥገር ነክሶኛል» ብለው ይናገሩ፤ ባለሙያው ካልሰማ ወባ ወይም ተስቦ ብቻ ፈልጎ ሊመልስዎ ይችላል።

የተለየውን ከብት ሙቀት በየጠዋቱ በቴርሞሜትር ይለኩ። ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ሽንቱ ከቀላ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ ያኔውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። መርፌ ከመወጋቱ በፊት ከጆሮው ጫፍ ደም በመስታወት ላይ ይወሰድ፤ መድኃኒት ከገባ በኋላ ጀርሙ በደም ውስጥ ላይገኝ ይችላል። አናፕላዝማ ሽንት አያቀላም፤ የቀላ ሽንት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል፣ ሕመሙም መዥገሩ ከነከሰው ከአንድ ወር በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ከብቱ ከተቀላቀለም በኋላ ሙቀቱን መለካት አያቋርጡ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ስላለ የደሙን መስታወትና ከከብቱ የለቀሟቸውን መዥገሮች በአልኮል ጠርሙስ በአንድነት በሐኪሙ በኩል ይላኩ፤ ጠርሙሱ ላይ የተገዛበት ገበያ፣ የተለቀመበት የአካል ክፍልና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይጠፋል።