የጓሮ ግራቪሊያ እንዴት ጣውላ ይሆናል

ጅማ ውስጥ ግንድ ለመሰንጠቅ ኅዳርን የሚያህል ወር የለም። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ እስከ የካቲት የሚዘልቀው ፀሐይና ነፋስ ለጣውላም ይተርፋል። እኔ የመጀመሪያውን ግንድ በሰኔ ሰንጥቄ ጣውላውን ግድግዳ አስደግፌ ተውኩት። ነሐሴ ላይ ሳየው ገሚሱ ሻግቷል፣ ገሚሱ እንደ ቀስት ጎብጧል።

ለጀማሪ ግራቪሊያ ይሻላል። ባህር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው መጋዝ ሲገባበት ራሱን ይተረትራል። ዋንዛማ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ጉማጅ ተፈልፍሎ የሚወጣበት እንጨት ነው፤ ማን ይጠላዋል? ነገር ግን አገር በቀል ስለሆነ፣ ጓሮዎ ውስጥ ቢበቅልም ከመቁረጥዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ።

ሥራው የሚጀምረው ከብረት ነው። ግንዱ መቆሚያው ላይ እንዳይንከባለል ነክሶ የሚይዝ ባለ ሁለት ጥርስ መንጠቆ ያስፈልጋል፤ አራት ይበቃል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 50 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡና ከሁለቱም ጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ። በከሰል እሳት ብርቱካናማ እስኪሆን ያግሉት፣ በጉጠት ይዘው ጫፎቹን ምልክቱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ያጥፉ፣ ከዚያ እንደገና አግለው በመዶሻ ያሹሏቸው። መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ከሌለዎት ወፍራም የብረት ቁራጭ ይሆናል። የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ፌሮው ካርቦን የበዛበት ከሆነ ጫፉ ይጠጥርና በመጀመሪያው ምት ይሰበራል። አመድ ውስጥ ቀብረው ይተዉት። ዚንክ የተለበጠ ብረት ደግሞ እሳት ውስጥ አይክተቱ፤ ጭሱ ያሳምማል።

ግንዱን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አጋድመው መንጠቆዎቹን ይምቱበት። በሁለቱም ጫፍ ቱምቢ (ክብደት የታሰረበት ክር) ጥለው ቀጥ ያሉ መስመሮች ያስምሩ፤ ከዚያ ከሰል በተበጠበጠበት ውሃ የተነከረ ክር ከጫፍ ጫፍ ወጥረው ነጠቅ ያድርጉ። የሁለቱ ጫፎች መስመር በቱምቢ ካልተስማማ ጣውላው ተጣምሞ ይወጣል። 25 ሚሊ ሜትር ከፈለጉ 32 ይሰንጥቁ፤ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ መላጊያም ይወስዳል። መጋዙን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከግንዱ ላይ፣ አንዱ ከታች። የላዩ ሰው መስመሩን ይጠብቃል፣ የታቹ ይስባል፤ የታቹ ሰው መነጽር ያድርግ። መጋዙ ሲያዝ ከኋላው ሽብልቅ ይክተቱ። የግንዱ እምብርት ያለበት ጣውላ ሲደርቅ መሰንጠቁ ስለማይቀር ለማገዶ ይተዉት።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው መጣ። በተሰነጠቀበት ቀን ጫፎቹን በተረፈ የዘይት ቀለም ይቀቡ፤ ውሃው በጫፍ በኩል ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ርብራብ ይሥሩ። በየጣውላው መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ያስገቡ። ዘንጎቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ በሌላው አናት ላይ ይዋሉ፤ አንዱ በስንዝር ከሸሸ ጣውላው እዚያው ላይ ይረግባል፣ የረገበው ደግሞ አይመለስም። አናቱ ላይ ድንጋይ ጭነው በቆርቆሮ ይሸፍኑ፣ ጎኖቹን ክፍት ይተዉ። ላስቲክ አይጠቅልሉበት፤ ቡናውን በእርጥቡ ላስቲክ ውስጥ የሚያፍን ማን አለ?

ለ25 ሚሊ ሜትር ጣውላ አንድ ዓመት ይበቃል የሚል የቆየ ስሌት አለ። እኔ ሚዛንን አምናለሁ። አንድ ቁራጭ ጣውላ ምልክት ያድርጉበት፣ ጫፎቹን ቀብተው ከክምሩ መካከል ያስቀምጡት፣ በየሳምንቱ በደረቅ ቀን አውጥተው በቡና ሚዛን ይመዝኑት። ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ክብደቱ ካልቀነሰ ውጭ ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ደርቋል። ከመላግዎ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ያሳድሩት።