ለኮንግረስ አባልዎ ሲደውሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት አያያዝ ላይ ያተኮረውን ኤች.ሬዝ. 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ነበሩ፤ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ደግሞ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን። ኮፍማን ይወክሉ የነበረው ኦሮራን ነው፤ ኦሮራ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ አለ። ስለ ውሳኔው ያለዎት አስተያየት ምንም ይሁን ምን አሠራሩን ልብ ይበሉ፦ ፖለቲከኛ ጆሮውን የሚሰጠው ለራሱ መራጭ ነው። የእኛ ሰው ጉልበቱንም ገንዘቡንም ሳይሰስት ሰልፍ ይወጣል፣ ይደውላል፣ ይፈርማል። ያ ሁሉ ድካም መና ሲቀር ማየት ያንገበግበኛል።

የሌላ ሰው ተወካይ ጋ መደወል

በቴሌቪዥን ስሙ የሚነሳ ሴናተር ሁሉ የእርስዎ ሴናተር አይደለም። በየትኛውም ስቴት የሚኖር ሰው ያሉት ሁለት ሴናተሮችና አንድ የምክር ቤት አባል ናቸው። ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ አድርጎ ዚፕ ኮድዎን ይጠይቃል፤ ከዲስትሪክቱ (ከተወካዩ የምርጫ ክልል) ውጪ ከሆኑ ጥሪዎ ያን ያህል ቦታ አያገኝም። ተወካይዎን ካላወቁ በካፒቶል (በኮንግረሱ ሕንጻ) የስልክ ማዞሪያ በ202-224-3121 ደውለው ሊገናኙ ይችላሉ። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ከሆኑ ሴናተር የለዎትም፤ በምክር ቤቱ ያሉት ተወካይም ሕግ በሚጸድቅበት የመጨረሻ ድምፅ ላይ አይሳተፉም። ስለዚህ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶችዎ በየራሳቸው ስም እንዲደውሉ ይጎትጉቷቸው።

«ሲቲዝን ስላልሆንኩ አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ። ግሪን ካርድ የያዘም ሰው የዲስትሪክቱ ነዋሪ ነው፤ መደወል ይችላል።

ከአክሱም መጀመር

ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለን ይሄኛው ነው። በኮንግረስ አባሉ ቢሮ የሚያዝልን ቀጠሮ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው። ስምንት ሆነን እንገባለን። አንዱ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ይጀምራል፣ ሌላው ስለ ዓድዋ ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ደግሞ የፊተኛውን ለማረም ይነሳል። ማስታወሻ የምትይዘው ወጣት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ምን ብላ ትጻፍ? የተጠየቀችው ነገር የለም፤ ባለ ቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

ታሪካችን ክቡር ነው። ከዚያ ክፍል በወረቀት ላይ ሰፍሮ መቅረት ያለበት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህን ረቂቅ በፊርማቸው እንዲደግፉ እንጠይቃለን» ወይም «ለስቴት ዲፓርትመንት ደብዳቤ ይጻፉልን»። ከሰዉ መካከል አንዱ ይምራ፣ አንዱ በራሱ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ይናገር፣ አንዱ ጥያቄውን ያቅርብ፣ የቀሩት ዝም ይበሉ። እርስ በርስ ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ሕንጻው ውስጥ ሳትገቡ ይቋጭ። ስትወጡ ጥያቄያችሁ በአንድ ገጽ የተጻፈበት ወረቀት ትታችሁ ውጡ።

በስልክም እንዲሁ ነው። «ስሜ እገሌ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ዚፕ ኮዴ 20910። የረቂቁ ቁጥር ይህ ነው፤ እንዲደግፉት እጠይቃለሁ። አቋማቸው ምንድን ነው?» አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። እንግሊዝኛዎ ቢሰባበርም ግድ የለም።

ደጅ የሚጠና ሰው መምሰል

ያደግነው ባለሥልጣን ፊት ጎንበስ ብለን፣ «እባክዎ ይድረሱልኝ» እያልን ነው። እዚህ ግን አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ መብት ነው፤ የዚያ ቢሮ ደመወዝም ከእርስዎ ታክስ ይከፈላል። ትሁት ሆነው ቀጥ ብለው ይናገሩ፤ «ኮንግረስማኑ ምን ወሰኑ?» ብሎ መልስ መጠበቅ ድፍረት አይባልም። ስድብ ግን ስልክ ከማዘጋት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም፤ ማስፈራራት ደግሞ በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል።

«ራሳቸውን ካላገኘሁ» ማለት

የ25 ዓመት ልጅ ሲቀበለን የተናቅን ይመስለናል። የውጭ ጉዳዩን ፋይል ይዞ ለአለቃው አጭር ማስታወሻ የሚጽፈው ግን ብዙውን ጊዜ ያ ልጅ ነው። ካርዱን ይውሰዱ፤ በማግስቱ የምስጋና ኢሜይል ይላኩለት፤ አዲስ ነገር ሲኖር በቀጥታ ለእሱ ይጻፉ።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አለማጣራት

ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) ስትታገድ ውሳኔው የፕሬዚዳንቱ ነበር። እንዲህ ባለ ጉዳይ የኮንግረስ አባሉን «ሰርዙልን» ማለት ዋጋ የለውም፤ ለኋይት ሐውስ ደብዳቤ እንዲጽፉ መጠየቅ ግን ይቻላል። የመንገድ መብራትና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጉዳይም ወደ ካውንቲው እንጂ ወደ ካፒቶል አይሄድም።

የቤተሰብ ቪዛ ወይም የኢሚግሬሽን ፋይል ሲዘገይ ደግሞ በአካባቢዎ ወዳለው የኮንግረስ አባሉ ቢሮ ይሂዱ። እዚያ ይህንኑ ብቻ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ። ባለጉዳዩ የፈረመበት የፈቃድ ቅጽ ካልደረሳቸው ግን መሥሪያ ቤቱን ስለ ፋይልዎ መጠየቅ አይችሉም፤ ሦስት ፊደልና አሥር አኃዝ ያለውን የሪሲት ቁጥርም ይዘው ይሂዱ። ቢሮው ፋይሉ የት እንደደረሰ ይጠይቅልዎታል እንጂ ቆንስላ የከለከለውን ቪዛ አይሰጥም።

አንድ ዓይነት ደብዳቤ ማባዛት

ቃል በቃል አንድ የሆነ መቶ ኢሜይል ሲመጣ እንደ አንድ ጥቅል ይታያል። ከላይ ሁለት መስመር ስለ ራስዎ ቢጨምሩበት የሚያነበው ያገኛል። በፖስታ መላክ ከፈለጉ ወደ አካባቢው ቢሮ ይላኩ፤ ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ወደ ካፒቶል የሚሄድ ደብዳቤ በፍተሻ ይዘገያል።

ሳይቋጭ እልል ማለት

በኦክቶበር 2007 ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ስለ ኢትዮጵያ ዲሞክራሲና ተጠያቂነት የሚደነግግ ረቂቅ፣ ኤች.አር. 2003፣ በምክር ቤቱ አለፈ። ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም፤ የዚያ ኮንግረስ ዘመን በጃንዋሪ 2009 ሲያበቃ ረቂቁም አብሮ ወደቀ። ኤች.ሬዝ. 128 በበኩሉ የምክር ቤቱ አቋም መግለጫ እንጂ በፕሬዚዳንት ፊርማ የሚጸና ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ድምፅ በተሰጠ ማግስት «ቀጥሎ የት ይሄዳል? ሴኔት ውስጥ ማን ይዞታል?» ብለው ይደውሉ፤ የደገፉትንም ያመስግኑ። ኮንግረስ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ያልጸደቀ ረቂቅ በአዲስ ቁጥር እንደገና መቅረብ አለበት። ከመደወልዎ በፊት አዲሱን ቁጥር ይፈልጉ።