እጅ ሌሊት ሲደነዝዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃች፣ እጇን ከአልጋው ጎን አንጠልጥላ ታራግፋለች። «ውሃ የነካው እጅ እንደሚራገፈው» ብላ አሳየችኝ። «አሁን ደግሞ አክንባሎው ያመልጠኝ ጀመር።» መዳፏን ገልብጬ ሳየው ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ጎድጉዷል።

ይህ ካርፓል ተነል ሲንድረም ነው። በእጅ አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወለሉና ግድግዳው አጥንት፣ ጣሪያው ጠንካራ የጅማት መቀነት ነው። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶች እና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ በዚያ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ውስጡ ትንሽ ሲያብጥ ጅማቶቹ ይችሉታል፤ የሚጎዳው ነርቩ ነው። እሷም ሆነች ሌሎች ከመምጣታቸው በፊት የሠሯቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ።

የትኛው ጣት እንደደነዘዘ አለማየት

«እጄ በሙሉ ነው የሚደነዝዘው» ይላል አብዛኛው ሰው። በእንቅልፍ ልብ ጣት የሚቆጥር የለማ! ዛሬ ሌሊት ከነቃችሁ መብራት አብሩና አንድ በአንድ ንኳቸው። ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትን፣ እንዲሁም ከቀለበት ጣት በአውራ ጣት በኩል ያለውን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት። የቀለበት ጣት አንዱ ጎኑ ደንዝዞ ሌላው ጎኑ ደህና ከሆነ ከዚያ የሚበልጥ ምልክት አልፈልግም። «ብርድ መቶኝ ነው» ለሚለኝ ሰው መልሴም ይኸው ነው፤ ብርድ የቀለበት ጣትን ለሁለት አይከፍልም።

ሁለቱን እጆች ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ፣ ጣቶችን ወደ ታች ዘቅዝቆ 60 ሰከንድ መቆየትም ይረዳል። በእነዚያው ጣቶች ላይ መውረር ከጀመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ምንም ካልተሰማ ግን ከበሽታው ነጻ ነኝ ማለት አይደለም። ትንሿ ጣት ብቻ የምትደነዝዝ ከሆነ መነሻው ብዙ ጊዜ ክርን ነው፤ ከአንገት ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ካለ አንገትም ይታይ። በድንገት የመጣ፣ ከፊት መጣመም ወይም ከአፍ መተሳሰር ጋር የሆነ መደንዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

ማሳሸት

ወጌሻ ጋ ሄደው አንጓቸውን በጠንካራ አውራ ጣት አሳሽተው፣ በማግስቱ ብሶባቸው የሚመጡ አሉ። ችግሩ ነርቭ መጫኑ ነው፤ ላዩ ላይ ሌላ ጭነት መጨመር ምን ይጠቅማል?

ቢ ኮምፕሌክስ ላይ መንጠልጠል

«የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ ወር ከወር የሚወሰደው መርፌና እንክብል የጠበበ መተላለፊያ አያሰፋም። ይባስ ብሎ ቫይታሚን ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል። የቢ12 እጥረት እውነተኛ በሽታ ነው፣ ግን በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ዳይክሎፌናክም ቢሆን ሕመሙን ለጊዜው ያበርድ ይሆናል እንጂ ነርቩን አያላቅቅም።

ስፕሊንትን አጣሞ ማሰር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከቀላሉ ሕክምና ይህን ያህል በከንቱ የሚባክን አላየሁም። የእጅ አንጓ መደገፊያው፣ ማለትም ስፕሊንቱ፣ ዋና ሥራው ሌሊት ነው። ስንተኛ እጃችንን አጥፈን ጉንጫችን ሥር እንከተዋለን፤ አንጓ ሲታጠፍ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። መደገፊያው የሚፈለገው አንጓው ቀጥ ብሎ እንዲያድር ነው። ከሱቅ የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ እጅን ወደ ላይ ቀና የሚያደርግ ብረት አለው። ብረቱን ከኪሱ አውጡት፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጉትና መልሱት። ጣቶች እስከ ሥራቸው እንዲታጠፉ መዳፍ ላይ ያለው ጠርዝ አጭር ይሁን። አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ጠዋት ቆዳ ላይ የማሰሪያው ምልክት ታትሞ ካገኛችሁት ጠብቋል። «ሦስት ቀን አድርጌው አልሠራልኝም» የሚለውን ስሞታ ደግሞ አልቀበልም፤ ቢያንስ 6 ሳምንት በየሌሊቱ ሞክሩት።

ኮምፒውተርን ብቻ መውቀስ

ኪቦርድ የሚባለውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። አንጓን አጥፎ በኃይል መጨበጥ (ከባድ ብርድ ልብስ አጥቦ መጭመቅን አስቡ) እና እንደ ድሪል ያሉ የሚንቀጠቀጡ መሣሪያዎች ይብሳሉ። ስኳር፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስ፣ የሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ)፣ ውፍረት እና እርግዝናም ያመጡታል፤ በእርግዝና የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። ሁለቱም እጅ ከደነዘዘ ስኳርና ታይሮይድ ሳይለኩ ዝም ማለት አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሁሉንም ለስኳሩ አይስጥ። የስኳር መደንዘዝ በአብዛኛው ከእግር ጣት ነው የሚጀምረው፤ እግር ደህና ሆኖ እጅ ብቻ ከሆነ አንጓው ይታይ።

ሕመሙ ሲቀንስ «ዳንኩ» ማለት

እንጀራ ጋጋሪዋም ያመለጣት እዚህ ላይ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሳት ጥዝጣዜ ሲለዝብ ደስ አላት፤ መደንዘዙ ግን ቀን ከሌሊት የማይለቅ ሆኖ ነበር። ነርቩ እየተዳከመ ሲሄድ መጮሁንም ይቀንሳል። ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ፣ ብርጭቆ ከእጅ ካመለጠ፣ የአውራ ጣት ሥር ከሟሸሸ የነርቭ ፍተሻና የቀዶ ሐኪም ቀጠሮ እንጂ ተጨማሪ ቅባት አያስፈልግም።

ቀዶ ሕክምናን «ነርቭ መቁረጥ» ብሎ መፍራት

የሚቆረጠው ጣሪያ የሆነው የጅማት መቀነት እንጂ ነርቩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እጅን ብቻ አደንዝዞ ይሠራል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ከዚያ በፊት አንጓ ላይ የሚሰጠው የስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ብዙዎችን ለወራት ያሳርፋል፣ ግን ጡንቻው ለሟሸሸ ሰው መርፌውን መደጋገም ጊዜ ማቃጠል ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሌሊቱ ጥዝጣዜ ቶሎ ይለቃል። የመዳፍ ሕመምና የጉልበት ማነስ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ጣቶችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ፣ እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት ነው።

እሷ የቀኝ እጇን ተሠርታ ሌሊቱን እየተኛች ነው። አክንባሎውን ግን አሁንም በሁለት እጇ ነው የምታነሳው፤ የግራ እጇ ላይ ብረቱ የተቃና ስፕሊንት እያደረገች ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች።