ፋየርዎል ተቀይሮ ኔትወርኩ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ፋየርዎል (የቢሮውን ኔትወርክ ከውጭ የሚጠብቀው ሳጥን) ይቀየራል፤ ብዙ ሳይቆይ ስልኬ ይጮኻል። ኬብሉን፣ የናት ሕጉን (የውጭውን አይፒ ወደ ውስጥ ሰርቨር የሚያዞረውን) እና ፖሊሲውን (ማን ይለፍ፣ ማን ይታገድ የሚለውን) አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሠራተኛው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከውጭ ግን ማንም አይገባም

በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ዩቲዩብ ይከፍታል። ኢሜይል ግን ከውጭ አይገባም፤ ቅርንጫፎችም የሂሳብ ሲስተሙን መክፈት ያቅታቸዋል። አሮጌው ፋየርዎል ሲመለስ ሁሉም ወዲያው ይሠራል። ከዚያማ ፍርዱ ተሰጠ፤ "አዲሱ ዕቃ ብልሽት አለበት።"

የለበትም። ቢሮው ብዙ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት የሚታይ አድራሻ) አለው እንበል። በ2 የሚያልቀው የፋየርዎሉ የራሱ ነው። በ3 የሚያልቀው ለኢሜይል ሰርቨሩ፣ በ4 የሚያልቀው ለሂሳብ ሲስተሙ በናት ተመድቧል። የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር የትኛው አይፒ በየትኛው ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) እንደሚገኝ ኤአርፒ ሰንጠረዡ ላይ ይይዛል። አዲሱ ፋየርዎል ጌትዌዩን፣ ማለትም ይህንኑ ራውተር፣ ሲፈልግ የ2 ማክ ይታደሳል። ስለ 3 እና 4 ግን ለራውተሩ የነገረው የለም። ስለዚህ ራውተሩ ፓኬቱን (የሚያልፈውን መረጃ) አሁንም በአሮጌው ሳጥን ማክ ይልካል፤ አዲሱም "የእኔ አይደለም" ብሎ ይጥለዋል። የሲስኮ ራውተር፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ይህን መረጃ ለ4 ሰዓት ይይዛል።

ጀማሪ ሳለሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ፖሊሲ ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። 7 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ይሠራል። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ለማረጋገጥ በውጭው ፖርት ላይ ፓኬት ካፕቸር (የሚያልፈውን ፓኬት የሚመዘግበውን) ክፈቱ፤ ለሌላ ማክ የተላከውንም የሚያሳይ ይሁን። በሞባይል ዳታ ወደ 3 ሞክሩና የመድረሻውን ማክ አንብቡ። ከዚያ አሮጌውን ሳጥን ገልብጡና ሆዱ ላይ ያለውን ተለጣፊ እዩ። እንደ ፖርቱ የመጨረሻው አሃዝ ሊለይ ይችላል፤ የቀረው ተመሳሳይ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

የአቅራቢው ራውተር እናንተ ጋ ካለ አጥፍታችሁ አብሩት። ቢሮ ያለው የፋይበር መቀየሪያ ብቻ ከሆነ ግን ማጥፋቱ ከንቱ ድካም ነው፤ ራውተሩ ያለው እነሱ ጋ ነው። ያኔ 3ን ለጊዜው የፋየርዎሉ የውጭ አይፒ አድርጉትና ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ። በ4ም እንዲሁ። ሲያልቅ 2ን መልሱ። ወይም ለአቅራቢው ደውላችሁ ኤአርፒውን ያጽዱላችሁ፣ ስልኩን ካነሱ።

ይህን ከቤት ሆናችሁ በሪሞት እንዳትሞክሩ! 2ን ስታነሱ ራሳችሁን ውጭ ትዘጋላችሁ። እኔ ማታ 5 ሰዓት ታክሲ ይዤ ሄጄ ጥበቃውን ከእንቅልፍ ቀስቅሻለሁ።

የአሮጌውን ማክ ለአዲሱ መስጠትም ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም። አንድ ቦታ እንዲህ ተደርጎ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ልጅ አሮጌውን ሳጥን "ለሙከራ" ብሎ እዚያው የውጭ ስዊች ላይ ሰካው። አንድ ማክ ሁለት ቦታ ሆነና ኢንተርኔቱ በየደቂቃው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ሳጥኑ ከጀርባችን መደርደሪያ ላይ መብራቱን ያብለጨልጫል።

ግማሹ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም

አሮጌው ፋየርዎል ዲኤችሲፒም (ለኮምፒውተሮች አይፒ በራሱ የሚያድለውን) ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ላይ የከፈተው የለም። የሊዝ ጊዜው (አይፒውን የሚይዝበት) ያላለቀበት ይሠራል፤ ያለቀበት ለራሱ የሰጠውን በ169.254 የሚጀምር አይፒ ይዞ ይቀመጣል። ዲኤችሲፒውን ክፈቱ። የውስጡን ጌትዌይ አይፒም እንደ አሮጌው አድርጉት፤ አለዚያ በእጅ አይፒ የተሰጣቸውን ፕሪንተሮችና ካሜራዎች ስታሳድዱ ትከርማላችሁ።

አንድ ክፍል ብቻውን ጠፋ

የዚያ ክፍል ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ለብቻው የተለየ ኔትወርክ) ፋየርዎሉ ላይ አልተፈጠረም፣ ወይም የስዊቹ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) አያሳልፈውም።

አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይንጠለጠላል

መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ) ከሆነ ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ትልቁን መጠን) 1492፣ ኤምኤስኤሱን (ፓኬቱ ውስጥ ያለውን የመረጃ ትልቁን መጠን) 1452 አድርጉ።

ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ፖርቱ በስንት ፍጥነት እንደተገናኘ እዩ። 1 ጊጋ መሆን ሲገባው 100 ሜጋ ካለ፣ ከስምንቱ ሽቦ አንዱ አልነካም፤ ለ100 አራቱ ይበቃሉ፣ ለጊጋ ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያ ርካሽ ኬብል ነው፤ ላዩ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም። ትንሽ ሲታጠፍ ይሰበራል። ለፋየርዎሉ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በኬብል የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም። እባካችሁ ንጹህ መዳብ ግዙ። በሌላ በኩል ፍጥነቱን በአንዱ ጫፍ በእጅ ቆልፋችሁ ሌላውን አውቶ ላይ አትተዉ፤ አንዱ ፉል ዱፕሌክስ (በአንዴ የሚልክና የሚቀበል) ሌላው ሃፍ (በተራ የሚያደርገው) ይሆንና ፓኬት ይጠፋል።

ሰኞ ሠርቶ ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፋ

ስዊቹ ላይ የተቀየረው ኮንፊግ (ቅንብሩ) ሴቭ አልተደረገም። ቅዳሜ የሠራውን ልጅ ጥሩት፤ ምን እንደቀየረ የሚያውቀው እሱ ነው።