ዳክዬን እንደ ዶሮ ማርባት የሚያመጣቸው ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዳክዬ ጠንካራ ናት። ብርድና ዝናብ ከዶሮ ይልቅ ትችላለች፣ በሽታም አያበዛባትም። በግቢ እርባታ የሚያስቸግረው አብዛኛው ነገር የሚመጣው በዶሮ ልምድ፣ በዶሮ መኖና በዶሮ ውሃ መጠጫ ስለምናሳድጋት ነው።

ጫጩቶቹ ያነክሳሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀመጣሉ

እግሩ የተወላገደ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ጫጩት ካያችሁ ቀድማችሁ የናያሲን (ቫይታሚን ቢ3) እጥረትን ጠርጥሩ። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ወደ 55 ሚሊግራም ይፈልጋል፤ ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። በቆሎ የበዛበት መኖ ደግሞ ይብሳል፤ በቆሎ ውስጥ ያለውን ናያሲን አካላቸው እምብዛም አይጠቀምበትም።

500 ሚሊግራም ናያሲን በ4 ሊትር ገደማ የመጠጥ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በየቀኑ እየቀየራችሁ ስጡ። የደረቀ የቢራ እርሾ ካገኛችሁ መኖው ላይ ነስንሱ። የዳቦ እርሾ ግን ሕይወት ስላለው ሆድ ውስጥ ሊቦካ ይችላል፣ ተዉት። ቶሎ ከተደረሰላቸው በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አጥንቱ ተጣሞ ከጠነከረ በኋላ ግን መመለሱ ያጠራጥራል።

ከመድኃኒቱ በፊት ወለሉንም እዩ። ጋዜጣ ወይም ፕላስቲክ ላይ የሚያድግ ጫጩት እግሩ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ጭድ ወይም ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፉለት።

ሲበሉ ይታነቃሉ፣ ዓይናቸው አረፋ ይዟል

ሁለት ምልክት ነው፣ መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የውሃው ዕቃ ጥልቀት የለውም። ዳክዬ መኖዋን በውሃ እያወራረደች ነው የምትውጠው፤ አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጥበውም ጭንቅላቷን ነክራ ነው። ጭንቅላቷ የሚጠልቅበት ዕቃ ከመኖው አጠገብ አድርጉ። ገንዳ መቆፈር ግድ አይደለም።

ጫጩት ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ

ዳክዬ አይደለም እንዴ? ነው፤ ግን ላባው ውሃ የማያስገባው በቅባት ነው፣ ለጨቅላው ደግሞ ይህን በአብዛኛው የምታጋራው እናቱ ናት። ያለ እናት የሚያድግ ጫጩት ይረጥባል፣ ይበርደዋል፣ ይሞታል። ላባ እስኪያወጣ ድረስ የሚጠጣውን እንጂ የሚዋኝበትን አትስጡት።

በድንገት ብዙ ሞቱ

መኖውን አሽቱ። በሻገተ በቆሎና በለውዝ ፋጉሎ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ የዳክዬ ጫጩትን ከሌሎች አእዋፍ ቀድሞ ይገድላል። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባለቁ ጊዜ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞተው ነበር፤ መርዙ የታወቀው ያኔ ነው። የሻገተውን ጣሉ። ማድረቅም መቀቀልም አያድነውም። በክረምት መኖ በጥቂቱ ግዙና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የሞቱት ትልልቆቹ ከሆኑና ከመሞታቸው በፊት አንገታቸው ዝሎ ከነበረ፣ ግቢው ውስጥ የበሰበሰ ጥምብ ወይም የረጋ ቆሻሻ ውሃ ፈልጉ። ቦቱሊዝም፣ ማለትም በበሰበሰ ነገር ውስጥ ከሚራባ ባክቴሪያ በሚወጣ መርዝ መመረዝ፣ ሊሆን ይችላል።

ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው፣ ዶሮዎቹ ያልቃሉ

ፈንግል ነው ብላችሁ ተነሡ። ዳክዬ ቫይረሱን ይዛ ምንም ሳትታመም ልትዘዋወር ትችላለች። ለያዩአቸው፣ የውሃ ዕቃቸውም አይገናኝ፤ ጤነኞቹን ዶሮዎች በጊዜ አስከትቡ። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

እንቁላል የለም

ሌባ ከመጠርጠራችሁ በፊት ሣሩን ፈትሹ። አብዛኞቹ ዳክዬዎች የሚጥሉት ጎህ ሲቀድ ነው፣ ጎጆም አይመርጡም። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አትልቀቋቸው።

ታርዶ ላባው አልነቀል አለ

ፔኪን (ለሥጋ የሚረባው ነጭ የዳክዬ ዝርያ) ከሆነ 7 ሳምንት ገደማ ላይ እረዱት። ካለፈ አዲስ አጫጭር ላባ ስለሚያወጣ እስከ 12 ሳምንት መታገስ ይሻላል። ለመንቀያው 65 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ያለ ሳሙና ቅባቱ ውሃውን ወደ ቆዳው አያስገባም።