የሐሞት ከረጢት ፓቶሎጂ ውጤት ላይ «ካንሰር» ሲጻፍ ምን ይደረግ?

የሐሞት ከረጢት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከረጢቱ ለጠጠር ተብሎ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር «የወጣው ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ) ይላካል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ካንሰር ከተገኘ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ «ቲ» የሚለውን ይፈልጉ። ዕጢው ግድግዳውን ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ የሚናገረው እሱ ነው። ቲ1ኤ ከሆነ ጡንቻው ጋ አልደረሰም፤ ከረጢቱ ሳይቀደድ ከወጣና የተቆረጠበት ጫፍ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ቀዶ ጥገና አያሻም፤ አብዛኛው ሰው ይድናል። ቲ1ቢ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል፣ ቲ2 ጡንቻውን አልፏል። ከቲ1ቢ ጀምሮ፣ ሥርጭት ከሌለና የታማሚው አቅም ከፈቀደ፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይመከራል፦ ከረጢቱ ተጣብቆበት ከነበረው ጉበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህልና የአካባቢው ንፍፊቶች ይወጣሉ። ቢያንስ 6 ንፍፊት መመርመር አለበት፤ ሁለት ብቻ ታይቶ «ነጻ ነው» ቢባል አይተማመኑበት። ወረቀቱ «ቲ1» ብሎ ካቆመ ስላይዱ (ናሙናው የተዘጋጀበት መስታወት) በሌላ ፓቶሎጂስት ይታይ፤ ኤ ወይስ ቢ መሆኑ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተስማሚው ጊዜ ከመጀመሪያው በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ቀደም ካለ የቁስሉ እብጠት ሥራውን ያስቸግራል፤ ከዘገየ በሽታው ሊሰራጭ ይችላል። እስከዚያ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ይነሣ፤ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ማስታወሻም ይፈለግ። ሐሞት ሆድ ውስጥ ፈስሶ ከነበረ የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል። የላፓራስኮፒ (በካሜራ የሚደረግ ቀዶ ጥገና) መሣሪያ የገባባቸውን የሆድ ቀዳዳዎች ቆርጦ ማውጣት ግን ዕድሜ ሲያራዝም አልታየም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኬፕሲታቢን የተባለው የኬሞቴራፒ ክኒን ነው፦ 14 ቀን ወስዶ 7 ቀን ማረፍ፣ 8 ዙር። ተቅማጥ ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ ክኒኑን አቁመው ለሐኪሙ ይደውሉ።

በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ፣ በሽታው ከከረጢቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ወደ 70 የሚጠጉት ቢያንስ 5 ዓመት ይኖራሉ፤ ንፍፊት ወይም ጎረቤት አካል ከነካ ከ30 ያንሳሉ፤ ሩቅ ከተሰራጨ 3 ገደማ ናቸው። አማካይ ነው፤ ስለ አንድ ታማሚ ትንቢት አይደለም።

ለተሰራጨ በሽታ መሠረቱ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት ግማሹ ታማሚ የሚቆይበትን ጊዜ በጄምሲታቢን ብቻ ከነበረው 8.1 ወር ወደ 11.7 ወር አድርሰዋል። አሁን መድኃኒቱ ከተገኘ እንደ ዱርቫሉማብ ያለ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት) ይጨመርበታል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ቀድሞ የሐሞት ቱቦው በስቴንት (ቱቦውን ክፍት አድርጎ በሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) ይከፈት። ቢጫው ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።