ለቤተሰብ ሕክምና፦ መጀመሪያ የመድን ደብተሩ፣ ቀጥሎ ቁጠባው

«ለጤና መድን የምከፍለውን ለምን ራሴ አላስቀምጠውም? ካልታመምኩ ገንዘቡ የኔው ነው» የሚል ሰው በየቦታው አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከባለቤቴ ጋር ከሱቃችን ገቢ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያልን በሁለት ዓመት 40,000 ብር አጠራቀምን። ይበቃናል ብለን ነበር። አንድ ሌሊት ሆዷን አመማት፣ ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ፣ አልጋ ሳትይዝ ቅድሚያ ክፍያ ተጠየቅሁ። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ኦፕራሲዮኑ፣ አልጋው፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒቱ ሲደመር የሁለት ዓመቱ ገንዘብ በአራት ቀን አለቀ። ተመስገን፣ ድናለች። ግን በማግስቱ አንዱ ልጅ ቢታመም ምን ልናደርግ ነበር?

በዚያው ዓመት ገጠር ያለችው እናቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደረገላት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ በተለምዶ ማአጤመ የምንለው፣ አባል ናት። መንግሥት ሆስፒታል ስለሆነ ለኦፕራሲዮኑም ለአልጋውም አልከፈለችም። ሆኖም ሁለት መድኃኒት እዚያ የለም ተብሎ ከውጭ ተገዛ። አንድ ምርመራም ውጭ ተሠራ። እህቴ አስታማሚ ሆና ስትቆይ መብላት ነበረባት፣ ማደሪያም ያስፈልጋት ነበር፣ ትራንስፖርቱም አለ። ይሄ ሁሉ ከኪሳችን ወጣ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው ነገሩ የገባኝ። መድኑና ቁጠባው የየራሳቸው ሥራ አላቸው፣ አንዱ የሌላውን አይሠራም። ትልቁን ዱላ መድኑ ይመክታል፣ በዙሪያው የሚመጣውን ጥቃቅን ወጪ ደግሞ ቁጠባው። አቅም ኖሮ ሁለቱን ባንዴ መጀመር ካልተቻለ መድኑ ይቅደም። ቁጠባ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል፣ በሽታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

እንዴት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ የዓመቱን ወጪ ጻፉ። ያለፉትን 12 ወራት አስታውሱ፦ ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ታክሲ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን ጭምር። ደረሰኝ ካለ ደረሰኙን፣ ከሌለ በግምት። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ደምሮ አያውቅም፣ ሲደምረው ይደነግጣል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ በየወሩ የሚገዛውን መድኃኒት ለብቻው ጻፉት፣ እሱ ወጪ በሚቀጥለው ዓመትም አይቀርም።

ቀጥሎ የትኛው መድን እንደሚመለከታችሁ እወቁ። ማአጤመ በ2003 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው የተስፋፋው። የታሰበው ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ባጠቃላይ የወር ደመወዝ ለሌለው ነው። ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ቢወጣም ወደ ሥራ መግባቱ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ተቀጣሪ ከሆናችሁ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ፣ አንዳንዱ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ለሠራተኞቹ በጋራ የሕክምና ውል ይገባል። ውሉ ቤተሰብን ይጨምራል ወይ? የዓመት ጣሪያው ስንት ነው? ጣሪያው ካለፈ ቀሪው ከኪስ ነው።

ማአጤመ በቤተሰብ ነው የሚመዘገበው። «እናትን ብቻ መዝግቡ፣ እሷ ናት የምትታመመው» ማለት አይቻልም፣ ደግሞም ትክክል ነው፣ የታመመው ብቻ ከተመዘገበ ሣጥኑ በምን ይሞላል? ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር በአንድ መዋጮ ይገባሉ። ከ18 በላይ ለሆነ ልጅ ተጨማሪ ይከፈላል። መዋጮው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ባለፉት ዓመታትም ጨምሯል፣ ስለዚህ የዘንድሮውን ቀበሌ ወይም ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለ፣ የምታውቁት የተቸገረ ጎረቤት ካለ ንገሩት።

የምዝገባው ጠረጴዛ ጋ ስትደርሱ ሳትጠይቁ አትመለሱ። ምዝገባው መቼ ተከፍቶ መቼ ይዘጋል? አዲስ አባል ከከፈለ በኋላ አገልግሎት የሚያገኘው ከመቼ ጀምሮ ነው? ውል ያላቸው ጤና ጣቢያና ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው? መድኃኒት ከሌለ ወዴት ነው የሚልኩት፣ ከውጭ ከተገዛስ ገንዘቡ ይመለሳል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ሳይጠይቅ ነው በኋላ የሚጣላው። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው ብላችሁ አትተማመኑ፣ ከታመሙ በኋላ ደብተር ለማውጣት የሚሮጡ ሰዎች ተዘግቶ ያገኙታል።

አካሄዱንም እወቁት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መድኑ ሙሉውን አይከፍልላችሁም። ወረፋ አለ፣ አይካድም። መድኃኒት የለም መባልም አለ፣ ይሄ የሚያናድድ ነገር ነው፣ አባሉ መዋጮውን በጊዜው ከፍሎ ባዶ መደርደሪያ ሊያይ አይገባውም ነበር። ቢሆንም ለዓመት የምትከፍሉት ገንዘብ ግል ሆስፒታል ጥቂት ቀን ለመተኛት እንኳ አይበቃም፣ ይሄን አትርሱ።

የማይሸፍነውንም ቀድማችሁ እወቁ፣ ቁጠባችሁ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነውና። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስማት መርጃ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ የውጭ አገር ሕክምና፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ዘላቂ የኩላሊት እጥበት ውስጡ የሉም። የመኪና አደጋ በሦስተኛ ወገን መድን በኩል ነው የሚታየው። በሌላ በኩል ደግሞ ክትባት፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ናቸው፣ ለነሱ ብላችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ።

«ዓመቱን ሙሉ አልታመምንም፣ ብሩ በከንቱ ሄደ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እድሩን አነሳበታለሁ። እድር በየወሩ ትከፍላለህ አይደል? ቤትህ ሐዘን ስላልገባ ግን ተቆጭተህ ታውቃለህ? የጎረቤትህ ቤት ድንኳኑ ሲተከል ያንተ ብር እዚያ አለች፣ ያንተ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሱ። ጤና መድንም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቁጠባው። መድን ከገባችሁ በኋላ የምታስቀምጡት ለኦፕራሲዮን ሳይሆን ለመድኃኒት፣ ለውጭ ምርመራ፣ ለአስታማሚና ለትራንስፖርት ነው፣ ስለዚህ መጠኑ የሚያስፈራችሁ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ወጪ አውጡና መድኑ የሚወስደውን ቀንሱ። የቀረውን ለ12 አካፍሉት። ለምሳሌ ዓመቱ 18,000 ብር ቢሆንና 6,000ው መድኑ የሚችለው ቢሆን፣ ቀሪው 12,000 በወር 1,000 ነው። ካልቻላችሁ በ300 ጀምሩ፣ ግን ወር አትዝለሉ።

ብዙ ብር ለብዙ ዓመት አስቀምጬ ራሴን በራሴ መድን እሆናለሁ ለሚል ሰው አንድ ነገር ልበል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ሮጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ምን እንደሆነ ፋርማሲ የሄደ ያውቀዋል። ባንክ የተቀመጠችው ብር ቁጥሯ አልቀነሰም፣ የምትገዛው መድኃኒት ግን ቀነሰ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ከሱቅ ብርና ከቤት አስቤዛ የተለየ ሂሳብ ክፈቱለት፣ አንድ ላይ ከሆነ የትምህርት ቤት ክፍያ ይበላዋል። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ማውጣት መቻል አለባችሁ፣ የታመመው ባለ ሂሳቡ ከሆነስ? እቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ለሕክምና አይታመንም፣ እጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ አታውቁም፣ ዳኛውንና አባላቱን ለምኖ ቀድሞ መውሰድ ቢቻልም ደግነታቸውን ጠብቆ ነው። ትንሽ ጥሬ ብር ደግሞ እቤት ይኑር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ የሞባይል ባንኩ እምቢ ሲል፣ የመኪናው ሹፌር ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ገጠር እናት አባት ያላችሁ፣ በተለይ አረብ አገርም ሆነ አሜሪካ ሆናችሁ ብር የምትልኩ፣ ታመሙ ሲባል ብቻ አትላኩ። የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ደውላችሁ መዋጮውን ክፈሉላቸው፣ ደብተሩ መታደሱንም በፎቶ አስልካችሁ እዩ። እነሱ «እኛ ደህና ነን፣ ለልጆቹ አድርጉት» ይላሉ። አትስሟቸው።

ደብተሩን፣ መታወቂያውን፣ የድሮ ሪፈሮችንና የምርመራ ውጤቶችን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእድሳቱን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ያንን ፌስታል ደግሞ ቤት ውስጥ ካሉት ልጆች ትልቁ የት እንዳለ ይወቅ፣ ያን ሌሊት እኔ ባለቤቴን ተሸክሜ ስወጣ መታወቂያዋን የፈለገችልኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት።